አራተኛው ደብተር

ሐዋሳ፣ ቱላ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐዳሳ፣

እንደምን ከረምሽ? የአርባ ምንጭ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ተማሪዎችሽስ? እኔ በቁሜ አለሁ፤ ጌታ ይመስገን። እግሬም ከለቅሶው ሰሞን ይሻላል።

ሦስቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ሙክታር ጨርቅ ሊያከፋፍል ወደ እናንተ በወጣ ቁጥር "ከልጅዎ መልእክት አለ" እያለ ደጄ ላይ ይቆማል። ይህን ያህል ጊዜ ሳልመልስልሽ በመቆየቴ ይቅር በይኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እጄ ቀርፋፋ ነው። ያን ጊዜ ያስተማሩን ደብዳቤ "አብዮታዊ ሰላምታዬ ይድረስሽ" ብሎ ነበር የሚጀምረው። ዮፍታሄ ይህን በነገርኩት ቁጥር ይስቅ ነበር። "ጓድ ካሰች፣ ሰላምታው አለፈ፣ ፊደሉ ቀረልሽ" ይለኛል።

በስልክ ብንነጋገር ይሻላል ብለሻል። ስልኩን የማላነሳው አንቺን ጠልቼ አይደለም። ድምፅሽን ስሰማ አፌ ያመጣውን ሁሉ እናገራለሁ፤ ስዘጋው ምን እንዳልኩ አላውቅም። ወረቀት ላይ ግን እያንዳንዱን ቃል አየዋለሁ።

ለቅሶው ላይ ሦስት ቀን ከጎኔ መሬት ላይ ተኝተሽ አንዲት ጥያቄ አልጠየቅሽኝም። አሁን ብትጠይቂኝ አልቀየምሽም። ዮፍታሄ የእኔ ልጅ ብቻ ሳይሆን የአንቺም እጮኛ ነበር፤ ሰርጋችሁ ለጥር ነበር የታሰበው።

ደብተሮቹ አራት እንደነበሩ አውቃለሁ። አንዱ ስለ ፋሺዝም፣ አንዱ ስለ ኮምዩኒዝም፣ አንዱ ስለ ሶሻሊዝም፤ አራተኛውን "ታዛዡ" ብሎ ነበር የሰየመው። እሱ በእጁ ሊጽፍ፣ አንቺ በኮምፒውተር ልትተይቢው፣ ለተማሪዎችና ለወላጆቻቸው መጽሐፍ ልታደርጉት ተስማምታችሁ ነበር። ሌላ ቅጂ እንደሌለም፣ ስልኩም መኪናው ሲገለበጥ አብሮት እንደደቀቀ ጽፈሽልኛል። ልጄ፣ የእሱን ክፍል ገና አልከፈትኩትም። ትንሽ ታገሺኝ።

ያን ቅዳሜ ሳይነግርሽ ለምን ወደ አንቺ መንገድ እንደጀመረ እኔም አላውቅም። ናፍቆት ይሆናል። ልጅ ለእናቱ ሁሉን አይናገርም።

ከእግዚአብሔር በታች አንቺን ብቻ የያዝኩት
ካሰች ማርቆስ


ሐዋሳ፣ ቱላ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐዳሳ፣

ሰላምሽ ይብዛ። የላክሽልኝ ሙዝ ሳይበላሽ ደረሰ። ግማሹን ለጎረቤቴ ለሽታዬ ልጆች ሰጠሁ፤ ለብቻዬ አልጨርሰውም።

"ያነብልዎት ነበር ወይ?" ላልሽኝ፣ አዎ፣ ያነብልኝ ነበር። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ እሱ በርጩማ ስቦ አጠገቤ ይቀመጥና ጮክ ብሎ ያነባል። "አንቺ ከገባሽ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አይጠፋውም" ይላል።

"ሰደብከኝ ወይስ አመሰገንከኝ?"

"ሁለቱንም። ጓድ ካሰች፣ መኪናሽን አታቁሚ።"

መጀመሪያ ላይ ቃላቱ ተምታቱብኝ። ሲያየኝ ጊዜ ደብተሩን ዘጋና፣ "በይ ስለዚች ስፌት መኪናሽ እናውራ" አለኝ። "ፋሺስት ቢመጣ መኪናሽን ከቤትሽ አያወጣትም። ያንቺው ናት ይልሻል። የምትሰፊውን ግን እሱ ይመርጣል፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሸሚዝ። ቀጥሎ፣ ይህ ሸሚዝ የሚገባው የእኛ ደም ላለው ብቻ ነው፣ ሙክታር አይለብሰውም፣ እንዲያውም ያደኸየን ሙክታር ነው ይልሻል። ከሁሉ የሚከፋው ግን እማዬ፣ ብዙ ሰው ደስ ብሎት ይለብሰዋል።" እኔም አያቴ ለጣሊያን መንገድ ድንጋይ ሲፈልጥ፣ መኮንን ባለፈ ቁጥር ሥራውን ጥሎ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ይቆም እንደነበር ነገርኩት። እሱንም ጻፈው።

"ኮምዩኒስቶቹ ደግሞ ጥፋቱ መኪናዋ ያንቺ ብቻ መሆኗ ነው ይላሉ" አለኝ። "የሁሉም ትሁን፤ ሀብታምና ድሃ የሚባል ይቅር፤ ውሎ አድሮ መንግሥትም አያስፈልግም። ሕልሙ ይኸው ነው፤ በሕልሙ አትሳቂ፣ ብዙ ደግ ሰው ሞቶለታል። እስከዚያው ግን ቁልፉን የሚይዘው አንድ ፓርቲ ነው፤ ፓርቲውን ማንም አይጠይቀውም።" ይህንን ክፍል እንኳ ከእሱ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። የእናቴ መኪና ወደ ሴቶች ማኅበር ስትገባ የሁላችን ሆነች ተብሎ አጨበጨብን። ማኅበሩ አዳራሽ ስላልነበረው ሊቀ መንበሯ ቤት ተቀመጠች፤ እዚያው አረጀች።

በሦስተኛው ግን ተጣላን። "ሶሻሊዝምማ ያው ነው፤ ደርግም ሶሻሊስት ነኝ ይል አልነበር?" አልኩት።

"ስም ማንም ይለጥፋል እማዬ። ሶሻሊዝም ሰፊ ቤት ነው፤ ኮምዩኒስቶቹም ከዚያው ነው የወጡት። እዚያ ቤት ውስጥ ልብስ ሰፊዎቹ ራሳቸው መኪኖቹን በጋራ ይያዙ፣ አለቃቸውንም ይምረጡ የሚል አለ። መኪናሽን አንነካም፣ ትልቁ ፋብሪካ ግብሩን ይክፈልና አንቺ ስትታመሚ ታከሚ፣ ካልወደድሽን ደግሞ በምርጫ አውርጂን የሚልም አለ። የሚወርደውንና የማይወርደውን አንድ ላይ አትስፊ።"

"ታዲያ የትኛው ይብሳል?"

"ለሞተው ሰው ልዩነት የለውም" አለኝ። "ላልሞተው ግን አለው። ሰው የጠላውን ሁሉ ፋሺስት እያለ ቃሉን አደከመው፤ እውነተኛው ሲመጣ በምን ስም ሊጠራው ነው?"

እንግዲህ ደብተሮቹ። ክፍሉን ከፍቼ አየሁ፤ የሉም። አልአዛር፣ ያ ሐይቅ ዳር ሆቴል ውስጥ የሚሠራው ጓደኛው፣ ከአደጋው በፊት በነበረው ሳምንት መጥቶ የሆነ ነገር ይዞ ሲወጣ ያየሁ መሰለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም። እስቲ እሱን ጠይቂው።

እናትሽ
ካሰች ማርቆስ


አርባ ምንጭ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማማ ካሰች፣

እንዴት ሰነበቱ? የገና በዓልን ለብቻዎ እንዳሳለፉ ሙክታር ነገረኝ፤ አልመጣሁምና በጣም አዘንኩ። ፈተና እያረምኩ ነበር። እውነቱን ልንገርዎት፣ ፈተናውን ምክንያት አደረግሁት። ያንን ክፍል ማየት ፈራሁ።

አልአዛርን ጠየቅሁት። "አንዲት ወረቀት አልወሰድኩም" አለኝ። እርስዎ በዓይንዎ ያዩትን ሲክድ ደሜ ፈላ። ለመምህር በኃይሉ ነገርኳቸው፤ እዚያው ሐዋሳ ባህል አዳራሽ አካባቢ ያለውን የንባብ ክበብ የሚመሩት ናቸው። ክበቡ የዮፍታሄን መጽሐፍ ሊያሳትም ተዘጋጅቶ ነበር። አልአዛርንም የክበቡ አባላት ሁሉ ባሉበት ጠይቀውት፣ አሁንም ሲክድ አስወጡት። የቀድሞ የክፍል ጓደኞቻችንም ስልኩን ማንሳት ትተዋል። ደብተሮቹን በራሱ ስም ሊያሳትም ነው ያስቀመጣቸው ይባላል።

እማማ፣ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ሐዋሳ መጥቼ ለፖሊስ አመለክታለሁ። ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ገጽ ብቻ ነው። "አልአዛር ደብተሮቹን ይዞ ሲወጣ አይቻለሁ" ብለው ጽፈው ፈርመው ለሙክታር ይስጡልኝ። "መሰለኝ" የሚለውን ይተውት፤ ፖሊስ "መሰለኝ"ን አይቀበልም።

ሌላ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ደግሞ ልንገርዎት። ያን ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ደውሎልኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ። ልብስ እያጠብኩ ስለነበር፣ እጄን አድርቄ መልሼ እደውላለሁ ብዬ ተውኩት። ምን ሊለኝ እንደነበር በየቀኑ አስባለሁ። እርስዎ የሚያውቁት ነገር ካለ ለምን ይደብቁኛል?

ልጅዎ
ሐዳሳ


ሐዋሳ፣ ቱላ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐዳሳ፣

ሰላምታውን ዛሬ እለፊኝ። ፖሊስ ጋ አትሂጂ። አልአዛር ምንም አልወሰደም፤ ሲወስድም አላየሁም። ደብተሮቹን አራቱንም ያቃጠልኳቸው እኔ ነኝ።

ይህችን መስመር ለመጻፍ ስምንት ቀን ፈጀብኝ። የቀረውን ቶሎ ልጻፈው።

አባቴ ማርቆስ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። በ1974 ቤተ ክርስቲያናችን ሲታሸግ፣ የምእመናኑን ስም የያዘ አንድ ደብተር እሱ ዘንድ ቀረ። ከኋላው ገጾች ላይ መዝሙሮች ተጽፈውበት ነበር። ሊይዙት እንደሚመጡ ሲሰማ ደብተሩን ሰጠኝና "አሁኑኑ አቃጥዪው" አለኝ። እኔ መዝሙሮቹ አሳሱኝ። ማንበብ ከቻልኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነበር፤ በገዛ እጄ ወረቀት ማቃጠል አልሆነልኝም። በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ ቆጮ የሚቀበርበት ጉድጓድ ውስጥ ከተትኩት። ሦስት ሰዎች መጡ። ትሑት ነበሩ፤ ጫማቸው የተወለወለ። ውኃ ለምነው ጠጡ። ከዚያ ጉድጓዱን ቆፈሩት። ስማቸው እዚያ ላይ የነበረ አሥራ አንድ ሰዎች ከአባቴ ጋር ታሰሩ። አባቴ በአራተኛው ዓመት ተመለሰ። ሁለቱ አልተመለሱም። አባቴ እስኪሞት ድረስ "ለምን አላቃጠልሽውም?" ብሎ አልጠየቀኝም። ደብተሩን እኔ እንዳላቃጠልኩት ለዮፍታሄም አልነገርኩትም ነበር።

መስከረም 30፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ሁለት ሰዎች በሬን አንኳኩ። ንጹሕ ኮት ለብሰዋል። "መምህር ዮፍታሄ እዚህ ነው የሚኖሩት?" አሉኝ።

"ምን ፈልጋችሁ?"

"የሚጽፉትን ነገር ልናይ ነበር።"

"ይጽፋል ብሎ ማን ነገራችሁ?"

አንደኛው ሳቀ። "እናታችን፣ እንዲህ ያለ ነገር ይደበቃል? ነገ ወይ ከነገ ወዲያ እንመለሳለን።"

ጫማቸውን አየሁ። ተወልውሏል። ልጄ፣ ያን ጊዜ ስድሳ ሁለት ዓመቴ መሆኑ ጠፋኝ። በሩን ዘጋሁና በዚያ ጊዜ ያላደረግሁትን አደረግሁ። ከሰል ማንደጃው ላይ አንድ በአንድ፣ ገጽ በገጽ እየገነጠልኩ ነው ያቃጠልኩት። ጠንካራው ሽፋን እምቢ ሲለኝ በጨርቅ መቀሴ ቆራረጥኩት። አመዱን ጓሮ በተንኩት። ሲያልቅ ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልደብቅሽም። ልጄን ያተረፍኩት መሰለኝ።

ዓርብ ከሥራ ሲመለስ በኩራት ነገርኩት። እንደማበድ ብሎ ይጮሃል ብዬ ነበር። አልጮኸም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣

"ማን አዘዘሽ?" አለኝ።

"ማንም።"

"ሰዎቹ አቃጥዪ አሉሽ?"

"ምንም አላሉኝም።"

 ያን ቀን ጓድም አላለኝ፣ እማዬም አላለኝ። ቅዳሜ ማለዳ ቦርሳውን ይዞ ወደ አንቺ ወጣ፤ ምናልባት መጽሐፋችሁ እንደጠፋ በአካል ሊነግርሽ ፈልጎ ይሆናል። በሚቀጥለው ሳምንት ነበር ደብተሮቹን ይዞ ሊመጣልሽ ያሰበው። የደወለልሽም ለዚሁ ነው ብዬ እገምታለሁ። ስልኩን ብታነሺው ኖሮ መኪናው አይገለበጥም ነበር ብለሽ አታስቢ። በዚያ መኪና ላይ ያሳፈርኩት እኔ ነኝ።

ለቅሶው ላይ ከሁለቱ ሰዎች አንዱ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ሳየው ልነሳበት ምንም አልቀረኝም። ተንበርክኮ እጄን ሳመና "እናቴ፣ መጽሐፉን እናሳትምልህ ልንለው እኮ ነበር የመጣነው፤ አልአዛር ነው የላከን፣ ሳይሰማ ልናስደስተው ብለን" እያለ አለቀሰ። ያ ሰው መምህር በኃይሉ ነው። እኔ በእጁ ላይ አለቀስኩ እንጂ አፌን አልከፈትኩም።

ታዲያ እያወቅሁ ለምን የአልአዛርን ስም ሰጠሁሽ? ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ሰዎቹን በመላኩ ተቀይሜው ይሆናል። ወይም አንቺ ገፋ አድርገሽ ስትጠይቂኝ መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው የእሱ ስም ስለሆነ ነው። በእኛ ጊዜ ሰዎች ስም የሰጡት እንዲህ እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። ክፉ ሰዎች ብቻ ይመስሉኝ ነበር።

ከልጄ ሞት ጀምሮ አልአዛር በየቅዳሜው እየመጣ በርሜሌን ውኃ ይሞላልኛል። ካለፈው በፊት በነበረው ቅዳሜም መጣ። ጄሪካኑን አስቀምጦ፣ "እማማ ካሰች፣ ሐዳሳ ሌባ አለችኝ። እርስዎ አይተውኛል አለችኝ። አላዩኝም አይደል?" አለኝ።

"ውኃው ሞላ፣ ይበቃል" አልኩት።

ያቺን መልሴን ነው መሸከም ያቃተኝ። ከዚህ በኋላ እናቴ እንደማትይኝ አውቃለሁ። ልጄ ከሞተ ወዲህ የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ስለነበርሽ ነው የዋሸሁሽ፤ ይህ ግን ምክንያት እንጂ ምሕረት አይደለም።

ካሰች


ሐዋሳ፣ ቱላ
የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሐዳሳ፣

መልስ እንዳልመጣ ሙክታር ራሱን እየነቀነቀ ነገረኝ። አልጠየቅሁትም፤ ፊቴን አይቶ ነው። መልሺልኝ ብዬም አይደለም የምጽፈው። ማወቅ ያለብሽ ነገር ስላለ ነው።

የንባብ ክበቡ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሰው ፊት መቆም እጠላለሁ። አባቴ ከእስር ሲወጣ ቀበሌ አዳራሽ አቁመው ግለሂስ አድርግ ብለውት፣ ያላጠፋውን ጥፋት ሲዘረዝር ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ለምስክርነት ቆሜ አላውቅም። ነገር ግን አልአዛርን በሰው ፊት አስወጥተውት፣ እኔ በጓዳ ይቅርታ ብለው ምን ይጠቅመዋል? ስለዚህ ሄድኩ። ወደ ሃያ ሰዎች ነበሩ። "ልጁ ንጹሕ ነው። ደብተሮቹን ያቃጠልኩት እኔ፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ" አልኩ። ሌላ ያዘጋጀሁት ነበር፤ ጠፋብኝ። ለምን ሲሉኝ ግን ስለ ሁለቱ ሰዎችና ስለ ተወለወለው ጫማቸው ነገርኳቸው።

መምህር በኃይሉ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። "ጫማዬን አይተው?" አለኝ። "አዎ" አልኩት።  እሱንም በድያለሁ፤ መጽሐፍ ላሳትም ብሎ የመጣ ሰው አሁን የልጄን ሞት ከእኔ ጋር ተካፈለ።

አልአዛርም ተጠርቶ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ስወጣ "ይቅርታዎን ሰምቻለሁ እማማ። ለሌላው ግን ጊዜ ይስጡኝ" አለኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ባለው መጣ፤ በርሜሉን ሞላና ሳይቀመጥ ሄደ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አርባ ሁለት ገጽ ታገኛለሽ። ሙክታር ሲቀበለኝ "ይሄ ደብዳቤ ነው ወይስ ጣቃ ጨርቅ?" ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። ዮፍታሄ ካነበበልኝ የማስታውሰውን ነው የጻፍኩት። ከዩኒፎርም ሥራዬ ቀን በቀን ሁለት ሰዓት እየቀነስኩ ጻፍኩት። የሰማሁት እንጂ የፈጠርኩት የለበትም። ያልገባኝን "አልገባኝም" ብዬ አልፌዋለሁ። በሦስቱ ደብተሮች ላይ የእሱን አነጋገር ለመከተል ሞክሬያለሁ፤ የእኔ ቋንቋ ከገባበት አንቺ ታውቂዋለሽ።

የአራተኛውን ግን ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት። እንዲህ ይላል፦ የትኛውም አምባገነን ሁሉን ነገር በየቤቱ እየዞረ ማዘዝ አይችልም። ሰው ራሱ ምን እንደሚፈለግበት ገምቶ፣ ሳይታዘዝ አስቀድሞ ይሠራለታል። ያን ጊዜ ገዢው ቢሞት እንኳ ትእዛዙ ይቀጥላል። "ይህ ምዕራፍ ስለ እነማን ነው?" ብዬው ነበር። "ስለ ደግ ሰዎች" አለኝ። ከዚያ የሽታዬ ልጅ ለልብስ ልኬት መጣችና አቋረጥን። ቀሪውን ነገ አነብልሻለሁ አለ። ሌላ ሥራ ያዘን፤ ሳያነብልኝ ቀረ።

ገጾቹን ብትፈልጊ ጣያቸው። ቅጂ አላስቀረሁም። እቤቴ ወረቀት ባይኖር ይሻላል።

ካሰች ማርቆስ


ሐዋሳ፣ ቱላ
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህርት ሐዳሳ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። "ለወይዘሮ ካሰች" ብለሽ ጀምረሻል። ይገባኛል፤ እኔም ከላይ እንደ ማዕረግሽ ጽፌልሻለሁ።

ስህተቴን ነቅሰሽ ስላወጣሽልኝ አመሰግናለሁ። ልክ ነሽ፤ ፋሺስቶቹ የሠራተኛ ማኅበራትን እንዳፈረሱና ሶሻሊስቶቹንም ኮምዩኒስቶቹንም አብረው እንዳሰሩ ዮፍታሄ አንብቦልኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የዘለልኩት። ሊቀ መንበሯ ቤት ስለቀረችው መኪና የጻፍኩት ደግሞ በእሱ ደብተር ውስጥ ነበር፤ የእኔ ጭማሪ አይደለም። ፊደል ያስተማሩኝም አባቴን የወሰዱትም እነዚያው ሰዎች ናቸው የሚለውን "እውነት ዮፍታሄ ይህን ጽፏል?" ብለሻል። ጽፏል። እንዲያውም አውጣልኝ ብዬው ነበር፤ ለደርግ ምስጋና መሰለኝ። "ሁለቱም ሆኗል እማዬ፤ አንዱን ብደብቅ ሌላውን ማን ያምነኛል?" ብሎ እምቢ አለኝ።

መተየብ እንደጀመርሽ አንብቤ ተነሥቼ ቤቱን ዞርኩት። ሌላ የምናገረው የለኝም።

ነገር ግን በመጨረሻው ገጽ ላይ ከባዱን ጠየቅሽኝ። "ዮፍታሄን አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ለስላሳ አልነበረም። አራት ደብተር ተቃጥሎበት 'ማን አዘዘሽ' ብቻ ብሎ አይወጣም። ጥሩ አድርገው የሰፉልኝን ልጅ አልፈልገውም፤ ያለውን ይንገሩኝ" አልሽ።

እውነትሽን ነው። ጥር ላይ ሁሉን ተናዘዝኩልሽ ብዬ አንዱን አስቀረሁ። ለክበቡም አልተናገርኩትም። ጸሎት ላይ እንኳ አልፌው ነው የምጸልየው።

ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቦርሳውን አንግቶ በሩን ከፈተ። "ቁርስ ብላ" አልኩት። አልፈልግም አለ። እኔ ግን ገና አልገባኝም ነበር፤ "እኔማ ካቃጠልኳቸው ወዲህ ነው ያረፍኩት፤ ሰዎቹ ቢመለሱ አሁን ምንም አያገኙብህም" አልኩት። ዞሮ አየኝ። እንዲህ አለኝ፦

"እማዬ፣ ሰዎቹን አላየኋቸውም። ከትናንት ጀምሮ እዚህ ቤት ውስጥ የምፈራው ሰው አንቺ ነሽ።"

ከዚያ ወጣ። እኔም አልተከተልኩትም፤ ሲበርድለት ይመለሳል ብዬ የጠዋት ሥራዬን ያዝኩ።

ይህንን በአራተኛው ደብተር መጨረሻ ላይ ተይቢው። ሰማሁት ካልኩሽ ሁሉ አንድም ቃል ያልተሳሳትኩት ይህንን ነው። አሳዝኜሽ እንዳታለዝቢው፤ የእናቱ ስም ይቅር ብለሽም "አንዲት ሴት" አትበይ። እሱ የነገረው ለእኔ ነው።

ካሰች ማርቆስ
የዮፍታሄ እናት